አያትህ ደኅና ናቸው

ጥቅምት 6 ቀን 3412 ዓ.ም.

ይድረስ እናቴ ከተቀበረች ወዲህ እናት ለሆኑልኝ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከደጃፍዎ ሲደርስ በጤና ተቀምጠው ያግኝዎ። ደረትዎ እንዴት ከረመ? የጠዋቱን የእርሾ ማንኪያ እንደማያስታጉሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። ናፍቆትዎን ቀን በሥራ ሳደክመው እውላለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ እሱ በተራው ያደክመኛል። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ እጄ እንዳያሳፍርዎ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አርቅቄ በሦስተኛው ነው በንጹሕ ወረቀት የገለበጥሁት።

ካሰብሁበት በሰላም ደርሻለሁ፤ ማኅበሩም ተቀብሎኝ ሥራ ሰጥቶኛል። የጋን አማሳይ ነኝ። በአዳራሹ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ጋኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። በውስጣቸው ያለው እኛ እርሾ ብለን በማሰሮ የምናኖረው ዓይነት ነጭ ብናኝ ነው፤ እነዚያው ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ማሽኖች፣ በውኃ ተበጥብጠው። እኛ ጣሪያ የምንጠግንበትንና ቁስል የምንዘጋበትን እዚህ በጋን ሙሉ ሳየው ፈራሁ። ከጋኑ አፍ ላይ በተዘረጋ ጣውላ ቆመን በረጅም የእንጨት መቅዘፊያ እናማስላለን። ብናኙ ብረት ስለሚበላ፣ ስንገባ ቀበቶአችንን ከነዘለበቱ፣ ጫማችንን ከነሚስማሩ በር ላይ እናወልቃለን። ማማሰል ከተቋረጠ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ስለዚህ ተተኪው መቅዘፊያውን ሳይጨብጥ ማንም እጁን አይለቅም። ስንወጣ እስከ ክርናችን በሆምጣጤ እንታጠባለን። አብሮኝ የሚያማስለው ባልንጀራዬ ቁመቱ ከመቅዘፊያው ጋር ስለሚስተካከል «ረጅሙ» ይባላል። ሚስቱ ስታገባው ሰው መስሎአት እንደ ነበርና አሁን ግን ሰላጣ ሆኖ እንደሚገባላት ዘወትር ይናገራል።

አሁን ስለ መሪያችን ላጫውትዎ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁላችንም «ቅርቡ» እንላቸዋለን። ሲያስተምሩ ድምፅ አያወጡም። ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ በአየሩ ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሹክሹክታቸውን ተሸክሞ ከያንዳንዱ ሰው ጆሮ ያደርሰዋል። ሺህ ሰው በተቀመጠበት ለእያንዳንዱ ለብቻው ይናገራሉ። ለእኔ የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄ፣ ደክሞሃል» የሚል ነበር። አክስቴ ሆይ፣ በእርግጥም ደክሞኝ ነበር። እንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም።

ትምህርታቸው እንዲህ ነው። ቀደምት ሰዎች ብናኙን ሲሠሩት አንድ ነበር፤ በሽታም በሰው ላይ አይሠለጥንም ነበር። ኋላ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን እርሾ በየማሰሮው ለይቶ ለልጅ ልጁ ማውረስ ሲጀምር ኃይሉ ተበታተነ። እርሾዎች ሁሉ ተመልሰው በአንድ ጋን ሲዋሐዱ ሰው ዳግመኛ አይታመምም። የመቀላቀያው ቀን በጥር መጨረሻ እንዲሆን ተወስኗል።

ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። ስወጣ ከማሰሮአችን ቀንሰው የሰጡኝን አንድ ብልቃጥ በገባሁ ዕለት ጨምሬአለሁ። ነገር ግን ብልቃጥ የግማሽ ልብ ነው፣ ቤተሰብ የሚቆጠረው ማሰሮው ሙሉውን ሲገባ ነው ተባልሁ። ስለዚህ ማሰሮአችንን እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምንዎታለሁ። እኔ ከመወለዴ በፊት የሞቱት አያቴ ከእናታቸው ተረክበው ለእርስዎ ያስረከቡት መሆኑን አልዘነጋሁም። የድንጋይ ወፍጮው በሳንባዎ ያስቀረውን ዱቄት የሚጠርግልዎ ያ እርሾ ብቻ እንደ ሆነ፣ የሌላ ቤት እርሾም ሰውነትዎን እንደማያውቀው አውቃለሁ። ሆኖም ከተዋሐደው ላይ ለየቤቱ ተመልሶ እንደሚታደል ቅርቡ ቃል ገብተዋል። ያን ጊዜ ሳንባዎን የሚጠርገው የአንድ ቤት ሳይሆን የዓለም ሁሉ ብናኝ ይሆናል።

ማኅበሩ ውስጥ በብናኝ መነጋገር የተፈቀደው ለቅርቡ ብቻ ስለ ሆነ እኛ እንደ ጥንቱ በወረቀት እንጻጻፋለን። የእኔን ደብዳቤ በገዛ እጄ ለጭነት አመላላሹ እሰጣለሁ። ወደ እኛ የሚመጣው ግን በመቀበያው ክፍል ጥቂት ቀን አድሮ ይባረካል። መልስዎ ቢዘገይ በእርስዎ አልፈርድም።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ፈጣሪ በወጣህበት ይጠብቅህ፣ በገባህበት ሞገስ ይስጥህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጽሑፍህ አላሳፈረኝም፤ እንዲያውም ለአቶ ነገ ሳነብለት «ይሄ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው ወይስ አስተማሪው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጉንዳን ብዬ የምጠራህን ከዚህ ቤት ጣሪያ ሥር አስወጥቼው አላውቅም ነበር። ከሰውነትህ የሚበልጥ ነገር ተሸክመህ ስትንገዳገድ ያወጣሁልህ ስም ነው። ዛሬ ወረቀት ላይ ሳየው ደስ አለኝ፤ አሁንም ከአቅምህ በላይ እንደምትሸከም ይታየኛል።

አቶ ነገን ካነሣሁ አይቀር ጉዱን ልንገርህ። ይህ ጎረቤታችን የቤቱን እርሾ መመገብ «ነገ፣ ነገ» እያለ ሲያጓትት እርሾው ተርቦ የገዛ በሩን በላበት። ሲነጋ በሩ የነበረበትን ቦታ እንደ ቁስል ዘግቶ ድፍን ግድግዳ አድርጎታል። አሁን የሚገባው በመስኮት ነው። ባለፈው ሆዱ መሃል ላይ ያዘውና እኔ ከውስጥ እጁን ስጎትት፣ ሚስቱ ከውጭ ስትገፋ፣ እሱ እዚያው ተሰክቶ ስለ አየሩ ያወራን ጀመር። እኔ ሳቁ ጉልበቴን ወስዶት ቁጭ አልኩ። ትንሽ ካረፍኩ በኋላ አወጣነው።

እስቲ አንተ የምጠይቅህን መልስልኝ። ሸሚዝህን ማን ያጥብልሃል? የምትተኛበት ክፍል መስኮት አለው? ብርድ ልብሱን ስታጣጥፍ ሰው ይቀልድብሃል ወይ? እዚህ ሳለህ ማዕዘኑ ካልገጠመ አትተኛም ነበር። እኒህ ቅርቡ የምትላቸው ሰውዬስ ሚስት አላቸው? የተወለዱበት ቤት ማሰሮ የት ነው? እሱ ጋኑ ውስጥ ገብቷል? አልገባ እንደ ሆነ ምን እየጠበቀ ነው? የማላውቀውን ሰው ልነቅፍ ብዬ አይደለም። ሰው እንግዳ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ከየትኛው ሳህን እንደሚበላ ማየቱ ነውር የለውም።

ስለ ማሰሮው አስብበታለሁ። መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ስተነፍስበት አሁንም እንደ ድሮው ሞቅ ይላል።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ይህን ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ መስኮቱን ከፍቼ።

ደኅና ሁንልኝ።
አክስትህ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ይድረስ ለውድ አክስቴ፤

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቁ። የመስኮቱን ነገር ማንበቤ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ በብርድ ወራት መስኮት የሚከፍቱት አየር ሲያጥርዎት ብቻ እንደ ሆነ አልረሳሁም። ስለ ደረትዎ ለምን አንድ ቃል አልጻፉልኝም?

ደብዳቤዎ እስኪመጣ ድረስ ያሳለፍሁትን ሳልነግርዎ ብቀር ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ጥያቄዬ ከየት እንደሚመጣ ሊያውቁ ይገባል። ማሰሮአቸው ያልደረሰላቸው ሰዎች በስብሰባው አዳራሽ ወደ መጨረሻው ረድፍ እንዲዛወሩ ተደረገ። እኔም ተዛወርሁ። እዚያ ሹክሹክታው አይደርስም። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ሲያለቅሱና ሲስቁ እናያለን፤ በጆሮአችን ግን የገዛ ትንፋሻችን ብቻ ይሰማል። አንድ ጊዜ የለመዱትን ድምፅ ማጣት ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ትምህርቴ አይበቃም። ልጅ ሳለሁ እናቴ የተኛችበትን ክፍል በር የዘጉብኝን ቀን መሰለኝ። መቅዘፊያዬን ይዤ ሳለ እንኳ ጆሮዬን ወደ አየሩ አዘነብላለሁ፤ ረጅሙ «አንገትህ ሊጣመም ነው» እያለ ይገሥጸኛል።

ከዚያ ደብዳቤዎ መጣ። በማግሥቱ በስብሰባ ላይ ወደ መካከለኛው ረድፍ እንዳልፍ ተጠቆምሁና ተቀመጥሁ። ቅርቡ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። በቀኝ ጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦ «ጉንዳኔ፣ ከአቅምህ በላይ ተሸክመሃል። አውርደው።»

አክስቴ ሆይ፣ ይህን ስም ከእርስዎ በቀር በምድር ላይ የሚያውቀው የለም። ለረጅሙ እንኳ አልነገርሁትም። ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ጎትቶ አስቀመጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምጠራጠርበት ነገር አልቀረኝም፤ ወይም እንዳይቀረኝ እየታገልሁ ነው።

ስለ ቅርቡ ማሰሮ የጠየቁኝን ለረጅሙ ባነሣለት አፌን በእጁ ከደነው። ሆምጣጤው ዓይኔን አቃጠለኝ። ቀልደኛው ሰው በዚህ ላይ አልቀለደም። የእሱ ሚስት ማሰሮአቸውን ልካለች፤ ሴት ልጃቸው የደም ሕመም ያለባትና በዚያው እርሾ የምትኖር ሆና ሳለ። እሱ ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጣል። እኔ እንዳልመለስበት የምፈራው የኋላው ረድፍ ነው።

ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ክፍላችን መስኮት የለውም። ብርድ ልብሴን አሁንም ማዕዘኑን አጋጥሜ አጣጥፋለሁ።

ጊዜው አጥሯል። ካልላኩ እንደማላዝንብዎ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር፤ ሦስቱንም ረቂቅ ቀደድሁት፣ እውነት አልመስል አለኝና። እባክዎ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 9 ቀን

ለጉንዳኔ፤

ሰላም ላንተና በዙሪያህ ላሉ ሁሉ ይሁን።

ማሰሮው በጭነት አመላላሹ እጅ ወጥቷል። አፉ በሰም ታሽጓል፣ ዙሪያውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬዋለሁ። ከመቀላቀያው ቀን በፊት አትክፈተው፤ መንገድ የነካው ነገር ማረፍ አለበት።

ያሸጉት አያትህ ናቸው። ለሌላ ሰው አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው አሸጉት። በጫንቃቸው ተሸክመው ወንዝ ሲያሻግሩህ የነበሩት ሽማግሌ ዛሬ አንድ ማሰሮ ለማንሣት ሁለት ጊዜ አረፍ አሉ። ስንብት ሲያደርጉ «ልጄ ደስ ይበለው፤ በእሱ ደስ ብሎኛል» ብለው ሁለት ጊዜ ደጋግመው እንድጽፍልህ አዘዙኝ። ይኸው ጻፍኩ።

አቶ ነገ በር አወጣ። የሚከፈተው ግን ወደ እኛ ግቢ ነው።

አክስትህ


የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፤

ይህ ደብዳቤ በሕይወት እንዲያገኝዎ እየጸለይሁ እጽፋለሁ። የሰላምታውን ወግ ባጓድል ይቅር ይበሉኝ፤ ረቂቅ ለመጻፍ ጊዜም ልብም የለኝም። ያለሁት ከጋኑ አዳራሽ ጀርባ፣ የተሰበሩ መቅዘፊያዎች በተከመሩበት ነው። አመላላሹ ጭነቱን አራግፎ እስኪጨርስ እጨርሰዋለሁ።

የጥር ደብዳቤዎን ሳነብ ደነገጥሁ። አያቴ እናቴ ገና ሳታገባ መሞታቸውን ከአፍዎ ነው የሰማሁት። ማን ወንዝ አሻገረኝ? መቼስ? በሰላሙ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንኪያው ስለ ቀረብዎ አየር አንሶዎት አእምሮዎ የሚቃዥ መሰለኝ። ማሰሮውን መልሼ ልልክልዎ ወደ መቀበያው ክፍል ሮጥሁ። ለባለቤቱ የሚሰጠው በቀኑ ነው ብለው መለሱኝ። አልጮህሁም። መጮህ ነበረብኝ።

በመቀላቀያው ቀን በሰልፍ ቆመን ማሰሮአችንን ታቀፍን። የአንድ ቤት ትንፋሽ እርሾውን ወደ ኋላ እንዳይጎትተው ተብሎ አፍና አፍንጫችን በወፍራም ጨርቅ ታስሮ ነበር። ስለዚህ እንደ ቤታችን ልማድ ተንፍሼበት ሙቀቱን ልፈትን አልቻልሁም። በመዳፌ ፈለግሁት። እጄ ራሱ በረዶ ስለ ነበር የማሰሮው ይሁን የእኔ ብርድ መለየት አቃተኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ገፋኝ። ጣውላው ላይ ወጣሁ፤ ሰሙን ሰበርሁ፤ ደፋሁት።

ያን ጊዜ በቀኝ ጆሮዬ ያ ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው ለስላሳ፣ እንደ ወትሮው ቅርብ፦

«ጉንዳኔ፣ በጫንቃቸው ወንዝ ያሻገሩህ አያትህ ዛሬ በአንተ ደስ ብሎአቸዋል።»

ባዶውን ማሰሮ እንደ ታቀፍሁ ቀረሁ። እርስዎ እንዳልቃዡ የገባኝ እዚያው ጣውላው ላይ ነው። ቅርቡ የሚያውቁት እኔን አይደለም፤ የሚያውቁት ደብዳቤዎን ነው። መቀበያው ክፍል ምን እንደሚሠራ እኔው ራሴ በጥቅምት ጽፌልዎ ነበር፤ እርስዎ ያን ጊዜውኑ አንብበውት እኔ ግን ሳልረዳው ኖርሁ። ደኅና ሰው ጤነኛ ጆሮውን ይዞ ይህን ያህል ይደነቁራል?

ተረኛ ስለ ነበርሁ ወርጄ መቅዘፊያ ያዝሁ። እስከ እኩለ ቀን ብናኙ ይዘምር ነበር። ከዚያ በእጄ ላይ ክብደቱ ተለወጠ። እርሾዎቹ ተዋሕደው አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሌላውን እንደ ቁስል እየቆጠረ ሊዘጋው ይታገላል። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ገፋን፤ የረጅሙ መቅዘፊያ ተሰበረ። ማማሰል አላቋረጥንም፤ ያም ሆኖ ጠጠረ። አሁን ጋኑን በጡጫ ቢመቱት የግድግዳ ድምፅ ይሰጣል። ቅርቡ «እያረፈ ነው» ብለው ሹክ አሉን፤ ሰዉም እርስ በርሱ እየተያየ «እያረፈ ነው» አለ። ረጅሙ ከጋኑ ሥር ተቀምጦ ልጁን በስሟ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ቀልድ አልወጣውም። ሚስቱ የላከችለት እውነተኛውን እርሾ ነው።

እርስዎስ? ያንን የአያቴን ነገር የጻፉት ሊያስጠነቅቁኝ ነው፤ ይህ ገብቶኛል። ነገር ግን ማሰሮውንስ ምን አደረጉት? እውነተኛውን ልከው፣ ምናልባት ዓይኔ ይገለጥ እንደ ሆነ ብለው ነው ወይስ የላኩት ሌላ ነገር ነው? ልብዎን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የመጨረሻውን ቁራሽ ሰጥተውኝ ጠግቤአለሁ የሚሉ ሰው ነዎት። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። ጥቅምት ላይ ማንኪያዎን የለመንሁ እኔ ነኝ፤ ካፈሰስሁት ደግሞ ትንፋሽዎን ያፈሰስሁ እኔ ነኝ።

ማሰሮውን ያስገባ ሰው ዘመድ ለማምጣት መውጣት ይፈቀድለታል። በሩ ሊከፈትልኝ ይችላል። ከዚህ የወጣ ሁሉ የማኅበሩን ብናኝ ስለ ጠጣ በመንገድ ያተኩሰዋል ይላሉ፤ እሱን ብዙም አልፈራሁትም። የማልችለው ደጅዎ ደርሼ መደርደሪያውን ባዶ፣ እርስዎን ደግሞ በመስኮቱ ሥር ተጋድመው ማየት ነው። መልስዎ ሳይደርሰኝ እግሬ አይነሣም። መልስዎም እንደሚከፈት እናውቃለን። እንዴት እንደሚነግሩኝ አላውቅም፤ ብቻ ይንገሩኝ።

ይተነፍሳሉ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 22 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ሰላምህ ይብዛ፤ የሄድክበት መንገድ ይቅናህ፣ የምትመጣበትም እንደዚያው።

አጭር ጽሑፍ ነው፤ አያትህ አጠገቤ ተቀምጠው ቶሎ በይ እያሉ ይነዘንዙኛል። እንደምታውቀው አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። ስለ ጤናቸው አብዝተህ እንደ ተጨነቅህ ስነግራቸው ተቆጡ። የጠዋቱን ማንኪያቸውን አንድም ቀን አላስታጎሉም። ከዚያው ከለመዱት መደርደሪያ ራሳቸው ተነሥተው ይወስዳሉ፤ ከጠጡ በኋላም እፍ ብለውበት ይከድኑታል። ሳላቸው ረግቷል። ሌሊቱን መስኮቱን ዘግተን ነው የምናድረው።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋብተውኛል። በጥር መጀመሪያ ከድንጋይ ወፍጮው ደጅ ዱቄት ሲነፉ ውለው ልብሳቸውን አነጡት። በዚህ ዕድሜ ምን ይሠራላቸዋል ብዬ ብጠይቅ «ሰጥቼ የማልጸጸትበት ነገር ይህ ብቻ ነው» አሉኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ደግሞ እንደ በፊቱ ቁጭ አላልኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አያትህ የቅርቡን ደግነት ሰምተው ልባቸው ተነክቷል። ሳያውቁአቸው በመልካም አንሥተው ስለ ባረኩአቸው፣ ከእነሱ ጋር ልሁን፣ ውሰዱኝ ይላሉ። እግራቸው ግን መንገዱን አይችልም፤ በጭነት ጋሪ ላይ ብቻቸውን መላክም አይሆንም። ስለዚህ ራስህ መጥተህ ብትወስዳቸው ነው የሚሻለው። ይህን ደብዳቤ ለሚመለከተው አሳይተህ ፈቃድ ጠይቅ። ለአንድ ሽማግሌ ሲባል በር አይዘጋም ብዬ አምናለሁ።

የሚሸከም ሰው ያስፈልግሃልና ያንን ቁመቱ የተረፈውን ባልንጀራህን አብረህ አምጣው። አያትህ በጉብዝናቸው ጊዜ ሰው ቤት ጠጥተው ሲመለሱ አተኩሶአቸው ነበር፤ ከቤታቸው ሦስት ማንኪያ ቀምሰው በሳምንቱ አለፈላቸው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቢያተኩሳችሁ አትደንግጡ፤ ለእንግዳ የሚሆን አለ። የታመመች ልጅ እንዳለችው ሰምተው፣ የቤት እርሾ የሌላ ቤት ሰው አያውቅም የሚለው ወሬ እውነት መሆኑን ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከደፉበት እንደሚጣላ፣ በጠብታ በጠብታ ቢያስተዋውቁት ግን ሊለምድ እንደሚችል እናታቸው ነግረዋቸው ነበር። ሚስቱ ልጅቷን ይዛ ወደዚህ ትንቀሳቀስ። ቃል አልገባም፤ እንሞክራለን።

ደብዳቤዬን ለሚባርኩልኝ ሰዎችም አያትህ እጅ ነሥተዋል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መነሣታቸው በዕድሜያቸው ያላሰቡት ክብር ሆኖባቸዋል።

ብርድ ልብስህን ማዕዘኑን አጋጥሜ አጥፌልሃለሁ። አያትህ ደኅና ናቸው። በሩን አልቆለፉም።

አክስትህ